ዘርዐ ያዕቆብና ምትኩ፤ ምስጢረኛው መምህርና የጠየቀው ደቀ መዝሙር

በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ታሪክ ፈላጊው ተማሪው፣ ተፈላጊው መምህሩ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የመምህሩን ዝና ተከትሎ አገር ያቋርጣል። መምህሩም በደብሩ ተቀምጦ ያወቀውን ሁሉ በቃሉ ያወርዳል፤ ስሙም ከተማሪ ወደ ተማሪ እየተላለፈ ይኖራል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት በበጌምድር፣ በእንፍራዝ ሆነ ተብሎ የሚተረከው ታሪክ ግን የዚህ ልማድ ተገላቢጦሽ ነው። በዚያ አገር አቋርጦ የመጣው መምህሩ ነው፤ ተማሪው በአባቱ ቤት ተቀምጦ ነበር። መምህሩም ካወቀው የሚበልጠውን በልቡ ሰውሮ ብዙ ዘመን ኖረ። የመምህሩ ስም ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ የተማሪው ስም ወልደ ሕይወት ሲሆን ሰዎች ምትኩ ይሉት ነበር።

ሁለቱ ሰዎች የሚታወቁት በግእዝ በተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ነው። ሁለቱም «ሐተታ» ይባላሉ፤ ቃሉም መጠየቅንና መመርመርን ያመለክታል። የመጀመሪያው የመምህሩ ሲሆን፣ የሕይወቱን ታሪክ፣ እንዲሁም ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ሰው ልቡናና ስለ ሃይማኖቶች ልዩነት የደረሰበትን ሐሳብ ይዟል። ሁለተኛው የተማሪው ነው። መጻሕፍቱ በእርግጥ በዚያ ዘመን፣ በእነዚያ ሰዎች እጅ ተጽፈዋል ወይስ አልተጻፉም የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቃውንትን ሲያከራክር ቆይቷል፤ ይህም በስፍራው ይነሣል። አስቀድሞ ግን መጻሕፍቱ ራሳቸው ስለ ሁለቱ ሰዎች የሚተርኩትን ማየት ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጽሐፉ እንደተተረከው ዘርዐ ያዕቆብ በ1599 በአክሱም አካባቢ ከድኃ ገበሬ ተወለደ። ዘርዐ ያዕቆብ የክርስትና ስሙ ሲሆን ሰዎች ወርቄ ብለው ይጠሩት ነበር። ዳዊት ሲማር መምህሩ የአእምሮውን ብሩህነት አይቶ ትምህርቱን እንዲገፋበት አባቱን መከረው። ወደ ዜማ ቤት ገባ፤ ነገር ግን ድምፁ ሻካራ ስለ ነበረ ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ከሦስት ወርም በላይ አልቆየበትም። ከዚያ ወደ ሌላ መምህር ሄዶ ቅኔና ሰዋስው አራት ዓመት ተማረ። በዚህ ጊዜ አንድ ቀን ከገደል ወድቆ ምንም ሳይሆን ተነሣ። እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ አመስግኖ ግን ዝም አላለም። ገመድ አምጥቶ የገደሉን ጥልቀት ለካው፤ ሃያ አምስት ክንድ ከስንዝር ሆነለት። ይህ ትንሽ ታሪክ የሰውየውን ጠባይ ከብዙ ትንታኔ ይልቅ ያሳያል። በኋላም ዐሥር ዓመት በመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቆይቶ የአገሩን ሊቃውንትም የፈረንጆቹንም አፈታት መረመረ፤ ወደ አክሱምም ተመልሶ አራት ዓመት አስተማረ።

የመምህርነቱ ዘመን ክፉ ዘመን ነበር። ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ካቶሊክ ሃይማኖት በ1622 በይፋ ተቀብለው ነበር፤ በ1625 ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴስ ወደ አገር ከገቡ በኋላ ደግሞ ሃይማኖቱ በአዋጅ የመንግሥት ሃይማኖት ሆነ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ደም ፈሰሰ። በዚህ መካከል ዘርዐ ያዕቆብ ሲያስተምር የሁለቱንም ወገን አፈታት ጎን ለጎን እያስቀመጠ፣ ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን እንዲህ ይላሉ ይል ነበር እንጂ አንዱን አወድሶ ሌላውን አይነቅፍም። ሁለቱም ወገኖች በዚህ ምክንያት ጠሉት። ለፈረንጆቹ የግብጻውያን፣ ለአገሬው የፈረንጆች ሰው መሰለ። በመጨረሻም ወልደ ዮሐንስ የተባለ የአክሱም ካህን ሕዝቡን በፈረንጆች ላይ ያስነሣል ብሎ ለንጉሡ ከሰሰው። ዘርዐ ያዕቆብ ይህን ሲሰማ ሦስት ወቄት ወርቅና የሚጸልይበትን ዳዊት ይዞ በሌሊት ከአገሩ ተሰደደ።

በተከዜ በረሃ፣ ከጥልቅ ሸለቆ ሥር፣ ዋሻ አገኘ። በዚያም ሁለት ዓመት ያህል ብቻውን ተቀመጠ። ዳዊቱን እየደገመ፣ ከደገመውም እየተነሣ ያስብ ጀመር። የሰዎች ጸሎት ሰሚ አለውን? እያንዳንዱ የእኔ ሃይማኖት ቀናች የሚል ከሆነ ዳኛው ማን ነው? ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ፣ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የመመርመሪያ ልቡና ሰጥቶታል፣ ሃይማኖትም ሥርዓትም በዚህ ብርሃን ሊመረመር ይገባል የሚል ነው። በዚህ ሚዛን የጾምን ሥርዓት፣ ምንኩስና ከጋብቻ ይበልጣል መባሉን፣ የሌሎችንም ሃይማኖቶች ሕግጋት መዘነ። በዚያ ዘመን አንዱን ወገን ላለመንቀፍ መጠንቀቁ እንኳ ለስደት ያበቃው ሰው፣ ይህን ሁሉ በአደባባይ ቢናገር ምን ይደርስበት እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው፣ በዚያው ዓመት ዐርፈው፣ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ነገሡ። ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጣ፤ ወደ አክሱም ግን አልተመለሰም። በአማራ በኩል አድርጎ ወደ በጌምድር ተሻገረና እንፍራዝ ደረሰ። በዚያ ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠጋ። ሀብቱ ጽሕፈቱን አይቶ ወደደለት፤ ዳዊት እንዲጽፍለት አደረገ። በዚህም የአክሱሙ መምህር በእንፍራዝ ቁም ጸሐፊ ሆነ። ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ዳዊትና ሌላም መጽሐፍ እየጻፈ በእጁ ሥራ ይኖር ጀመር። በዚያው ቤት ታገለግል የነበረችውን ሒሩትን አገባ። ሲያገባትም ገረድ መባሏ እንዲቀር ጌታዋን ጠየቀ፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና የጌታና የገረድ ስም ሊለያቸው አይገባም ብሎ ያምን ነበር። መልኳ ሳይሆን ጠባይዋ፣ አስተዋይነቷና ትዕግሥቷ እንደ ሳበውም ሳይደብቅ ጽፏል።

የሀብቱ ቤት ሰዎችና ጎረቤቶቹ ያዩት ሰው እንግዲህ ይህ ነበር፤ ሠርቶ አደር፣ ዳዊት ደጋሚ፣ ሰላማዊ ጸሐፊ። እሱ ግን በመጽሐፉ እንደ ገለጸው ከሰዎቹ ጋር እንደ እነሱ እየመሰለ ኖረ እንጂ በልቡ ያለውን አልነገራቸውም። ይህን በማድረጉ ነቃፊ እንደማያጣ ያውቃል፤ ሰዎች ለመስማት ያልተዘጋጁትን ነገር መንገር እነሱን ከማስቈጣት፣ ራስንም ከማጥፋት በቀር ጥቅም የለውም የሚል ምክንያትም ያቀርባል። ቅኔ የተማረ ሰው ሰምን ከወርቅ ለይቶ ማኖር ያውቃል። ዘርዐ ያዕቆብም ኑሮውን እንዲሁ አድርጎ ያዘ፤ ሰሙን ለጎረቤት ሰጠ፣ ወርቁን ለራሱ አስቀረ።

ሀብቱ ልጆቹን እንዲያስተምርለት ጸሐፊውን ጠየቀው። ከእነሱ አንዱ ወልደ ገብርኤል ሲሆን ተሰማ ይባል ነበር፤ ሌላው ወልደ ሕይወት፣ ምትኩ የሚባለው ነው። ትምህርቱ በአገር ደንብ በዳዊት ተጀመረ። መጻፍና ሰዋስውም ተከተለ። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ተማሪዎች አንድ መምህር ነበራቸው። ከዚህ በኋላ ግን ምትኩ ሌላውን መምህር፣ ከጸሐፊው በስተጀርባ ያለውን አገኘ። መጽሐፉ ስለዚህ የሚናገረው ጥቂት ነው። ልጁ መምህሩን ወደደው፤ መምህሩም በጊዜ ብዛት ምስጢሩን ገለጠለት፤ ከእሱ የሸሸገው ነገር አልነበረም። ከዚህ የሚበልጥ ዝርዝር የለም፤ ምናልባትም ሊኖር አይችልም። አንድ ስደተኛ ለአንድ ልጅ ነፍሱን አሳልፎ የሚሰጥበት ሰዓት በቀን የሚቈጠር አይደለም። አንዲት ቃል ከልጁ አፍ ወጥታ ከካህናት ጆሮ ብትደርስ የመምህሩ ኑሮ ባለቀ ነበርና፣ ልጁ ምስጢር ጠባቂ መሆኑ በብዙ ትንንሽ ነገር ሳይፈተን አልቀረም።

በዚህ ላይ አንድ ቊጥር ማስተዋል ይጠቅማል። ዘርዐ ያዕቆብ እንፍራዝ የገባው ከ1632 በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሐተታውን የጻፈው ግን በ1667፣ በስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት በላይ ዐልፏል። በእነዚህ ዓመታት የሌሎችን መጻሕፍት በመቅዳት የኖረው ጸሐፊ የራሱን ሐሳብ ለብራና አልሰጠም። እጁን ያንቀሳቀሰው የደቀ መዝሙሩ ልመና ነበር። ምትኩ በቃል የሰማው በጽሑፍ እንዲቀመጥ ለመነ፤ በዚያን ጊዜ እሱም ልጅ መሆኑ ቀርቶ ሙሉ ሰው ሆኖ ነበር። መምህሩም ጻፈ። በመጽሐፉ መጨረሻ ከእሱ በኋላ የሚመጣ መርማሪና ብልህ ሰው የራሱን ሐሳብ በእሱ ላይ እንዲጨምር አደራ አለ። እኔ ጀምሬዋለሁ፣ እናንተ ፈጽሙት የሚል መንፈስ ያለበት አደራ ነው። በሕይወቱ ሳለ ለአንድ ሰው ብቻ የተገለጠው መምህር፣ ገና ላልተወለዱት ሁሉ በሩን ከፈተ።

መምህሩ ከዚህ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ኖሮ በ1692፣ በዘጠና ሦስት ዓመቱ ዐረፈ። ይህ የሚታወቀው ምትኩ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ከጨመረው አጭር ማስታወሻ ነው። ከዚህም ሌላ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከመምህሩ የቀሰመውን መሠረት አድርጎ የራሱን ሐተታ ጻፈ። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የሁለት ሰዎችን ድምፅ ይሰማል። መምህሩ ስለ ራሱ ይናገራል፤ ይጸልያል፤ ከዳዊት ጋር እየተነጋገረ ይጠይቃል፤ የሚጽፈው በብዙው ለራሱና ለሚያምነው ለአንድ ሰው ነው። ደቀ መዝሙሩ ስለ ራሱ ኑሮ የሚናገረው ኢምንት ነው። እሱ ወጣቶችን በጉባኤ እንደሚያስተምር ሰው ይመክራል፤ በምሳሌና በተረት ያስረዳል፤ በእጅ ሠርቶ መብላት ክብር መሆኑን፣ የእጅ ሙያን መማር እንደሚገባ፣ ባልና ሚስት እንዴት ሊዋደዱ እንደሚገባቸው፣ ልጆች እንዴት እንደሚታነጹ ይዘረዝራል። ከመምህር፣ ከወላጅም ሆነ ከመጽሐፍ የተሰማ ነገር ሳይመረመር እንዳይታመንም ያስጠነቅቃል።

ይህ የመጨረሻው ምክር የግንኙነታቸው ፍሬ ነገር ነው። መምህሩ ያስተማረው ዋና ነገር መመርመር ከሆነ፣ ታማኙ ደቀ መዝሙር የመምህሩን ቃል እንዳለ የሚደግም ሊሆን አይችልም። ምትኩ የመምህሩን መሠረት ያዘ፤ በላዩ ግን የራሱን ቤት ሠራ። መምህሩ በዋሻ ያገኘውን እሱ ወደ መንደር፣ ወደ ሸማኔውና ወደ ገበሬው፣ ወደ ባልና ሚስቱ ምድጃ አወረደው።

እነዚህ መጻሕፍት ከተጻፉበት ከተባለው ዘመን እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ስለ እነሱ የተናገረ ምስክር አይገኝም። በ1846 ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት የካፑቺን ሚስዮናውያን አንዱ የነበሩት ጣሊያናዊው አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በበጌምድር በቤተልሔም ብዙ ዓመት ተቀምጠው ግእዝ ሲማሩ፣ ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንትዋን ዳባዲ የብራና መጻሕፍት እየሰበሰቡ ይልኩ ነበር። የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ማግኘታቸውንም ጻፉላቸው፤ ቅጂዎቹም ተላኩ። አባ ጁስቶ ከኢትዮጵያ ተባርረው በ1856 በካርቱም ዐረፉ። ዳባዲ በ1859 ባሳተሙት የመጻሕፍቶቻቸው ዝርዝር ሐተታዎቹ ተመዘገቡ፤ ዛሬም በፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1904 ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን የግእዙን ጽሑፍ ከላቲን ትርጉም ጋር ሲያሳትሙ የዓለም ሊቃውንት አንድ ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ አገኘን ብለው ተደነቁ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በ1920 ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጻፉት ራሳቸው አባ ጁስቶ ናቸው ብለው ተነሡ። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ አባ ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ካቶሊካዊ ኢትዮጵያዊ ካህን የተዉት ጽሑፍ ነው፤ ሌላው የአባ ጁስቶ የቀድሞ ስም ያዕቆብ መሆኑ ነው። በ1934 ኦይገን ሚትቮኽ ይህንኑ ሐሳብ ደገፉ። በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥራዞች የመጻሕፍቱን ኢትዮጵያዊነት በሰፊው ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬም አልተዘጋም። በ2013 ፈረንሳዊቷ አናይስ ቪዮን የአባ ጁስቶን ደራሲነት የሚደግፍ ጥናት ሲያወጡ፣ ቀድሞ መጽሐፉን ይጠራጠሩ የነበሩት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ በበኩላቸው በመጨረሻዎቹ ዓመታቸው ሐሳባቸውን ለውጠው መሠረቱ ኢትዮጵያዊ ነው ወደ ማለት ደርሰዋል። በ2022 በኦክስፎርድ በዚሁ ጉዳይ ላይ ጉባኤ ተደርጓል፤ በ2023ም አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታትሟል።

የክርክሩ ሥር ሲታይ ወደ መምህሩ ዝምታ ይመልሳል። ዘርዐ ያዕቆብ ተማሪዎችን በጉባኤ ሰብስቦ ሐሳቡን ቢያስተምር ኖሮ ስሙ በሌሎች መጻሕፍት፣ ቢያንስ በተቃዋሚዎቹ ውግዘት፣ ሊገኝ ይችል ነበር። መጽሐፉ በየገዳሙ ቢቀዳ ኖሮ ብዙ ቅጂ በተገኘ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ያተረፈበት ምስጢር ከሞተ በኋላ ምስክር አሳጣው። ሰውየው በእርግጥ ኖሮ ከሆነ፣ ጠላቶቹ በሕይወቱ ሊያጠፉት ያልቻሉትን ሰው የራሱ ጥንቃቄ ከታሪክ ሊያጠፋው ተቃርቦ ነበር ማለት ነው። ምስጢር ጠባቂ ሰው ሁሉ የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው፤ የሚያድነው ግድግዳ ደግሞ ይቀብረዋል።

ስለዚህ የመምህሩ መኖር በአንድ ምስክር ላይ ተንጠለጠለ፤ ያም ምስክር ምትኩ ነው። የምስክርነቱ ጉልበት ደግሞ ስለ መምህሩ ሞት በጻፋት አጭር ማስታወሻ ውስጥ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ማንም ሊጽፍ ይችላል። ጉልበቱ ያለው ከመምህሩ በመለየቱ ነው። ፕሮፌሰር ሰምነር ካነሧቸው ነጥቦች ክብደት ያለው አንዱ ይኸው ነው። ሁለቱ ሐተታዎች በአነጋገር፣ በአቀራረብና በመንፈስ የተለያዩ ስለሆኑ የአንድ ሰው እጅ ሥራ ናቸው ለማለት ያስቸግራል። መጽሐፉን አንድ ሰው ፈጥሮት ከሆነ፣ ያ ሰው ፈላስፋን ብቻ ሳይሆን፣ መምህሩን የሚወድ፣ ግን መምህሩን የማይመስል ደቀ መዝሙርንም ፈጥሯል ማለት ነው። ይህ የማይቻል ነገር አይደለም፤ የሚከብድ ግን ነው። ምትኩ የመምህሩን ቃል በጭፍን ደግሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለመምህሩ የሚሟገትለት ነገር ባነሰ ነበር። ራሱን ሆኖ በመጻፉ ግን ለመምህሩ ከሁሉ የበለጠ ጠበቃ ሆነ።

ምትኩ የሚለው ስም በአገራችን ለሞተ ልጅ ወይም ዘመድ ምትክ ይሁን ተብሎ የሚወጣ ነው። የሀብቱ ልጅ ስሙን ያገኘው በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ መጽሐፉ አይገልጽም። መምህሩ ግን ከአክሱም ሲሸሽ በዚያ ያስተማራቸውን ደቀ መዛሙርት ሁሉ ትቶ ነበር የሄደው። በእንፍራዝ ያገኘው አንድ ልጅ የእነዚያ ሁሉ ምትክ ሆነለት፤ ከሞተም በኋላ የራሱ የመምህሩ ምትክ ሆኖ ቆመ። ይህንንም ለማድረግ ያስፈለገው ሁለት ነገር ነበር፤ ለሠላሳ ዓመት ምስጢር መጠበቅ፣ ጊዜው ሲደርስም ጻፍልኝ ብሎ መለመን።